ያስተማሩኝን ኦፕሬተር እንዴት ላርም? የሌሊት ቁፋሮ፣ የቆሙ ማሽኖችና የኃላፊው ሥልጣን

ጥያቄ፦ የቂርቆስ ልጅ

ለሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በኤክስካቫተር (በመቆፈሪያ ማሽን) እና በሎደር (በመጫኛ ማሽን) ኦፕሬተርነት 9 ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ከ4 ወር በፊት የማሽን ኦፕሬተሮች ኃላፊ ሆኜ ተመድቤአለሁ። የምንሠራው ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከምድር በታች ሦስት ወለል ለሚኖረው ሕንፃ የመሠረት ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። በእኔ ሥር አፈር የሚጭኑ ሁለት ኤክስካቫተሮች፣ ድንጋይ የሚሰብር ሀመር የተገጠመለት አንድ ኤክስካቫተር፣ አንድ ሎደር፣ እንዲሁም በፈረቃ የሚቀያየሩ 11 ኦፕሬተሮችና ረዳቶች አሉ። ከባድ መኪና በከተማው መሐል ቀን እንደ ልብ ስለማይንቀሳቀስ፣ አፈር የምናወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነው።

ከኦፕሬተሮቹ አንዱ እኔን ለዚህ ሙያ ያበቁኝ ሰው ናቸው። ረዳታቸው ሆኜ ግሪስ ስቀባና ናፍጣ ስሞላ ከቆየሁ በኋላ ማሽን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም የምጠራቸው ጋሼ ብዬ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሌሊት፣ አፈር የሞላ ባኬት (የማሽኑን ማፈሻ) በሲኖትራኩ፣ በገልባጭ መኪናው፣ ጋቢና ላይ አሳልፈው ሲያዞሩ አየሁ፤ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አየሁና ዝም አልሁ። እንዴት ብዬ እናገራቸዋለሁ በማለት ነው። በሦስተኛው ሌሊት ያው ነገር ሲደገም ከባኬቱ አንድ ድንጋይ ወርዶ የጋቢናውን ጣሪያ መታው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሾፌሩ አልተጎዳም። እኔ ግን በድንጋጤ ከጉድጓዱ ዳር ሆኜ በሰው ሁሉ ፊት ጮህሁባቸው። ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጃኬታቸውን አንስተው ሄዱ። በማግስቱ ወደ ሥራ ተመልሰዋል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ኦፕሬተሮች ፊታቸውን አጥቁረውብኛል።

ሁለተኛው ችግሬ የሰዓት ጉዳይ ነው። ድርጅታችን ከደመወዝ በላይ በማሽን ሰዓት የሚታሰብ አበል ይከፍላል። መኪና ሲጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ በአንድ ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ይላል፤ ኦፕሬተሩ ግን 8 ሰዓት ጻፍልኝ ይለኛል። እምቢ ስል ደግሞ ያለ ሥራ ሞተር አስነስተው ይቀመጣሉ። ብጽፍ ውሸት ነው፤ ባልጽፍ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጥቶ በብርድ የተቀመጠውን ሰው የበደልሁት ይመስለኛል።

በሦስተኛ ደረጃ የሳይት ኢንጂነሩ በየሌሊቱ 60 መኪና አፈር እንዲወጣ ይጠይቀኛል። ያሉን 8 ሲኖትራኮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ተጭኖ፣ ሄዶ፣ ደፍቶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ማሽን ላቁም ባልሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ይነሣብኛል። ለመሆኑ ከኢንጂነሩ ፈቃድ ውጪ ማሽን የማስቆም ሥልጣን አለኝ? በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመንገድ ሥራ 31 ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 14 ዓመታት ያሳለፍኋቸው አንተ ባለህበት ቦታ ነው። እኔም ያስተማረኝን ሰው አዝዣለሁና የሚሰማህን አውቀዋለሁ።

በቅድሚያ የምነግርህ፣ ጥፋትህ የጮህህበት ሌሊት ሳይሆን ዝም ያልህበት ሌሊት መሆኑን ነው። በዚያ በመጀመሪያው ሌሊት አንተ ባኬቱን ስታይ ረዳቶቹ ደግሞ አንተን ያዩህ ነበር። ኃላፊው አይቶ ካለፈው ነገሩ የተፈቀደ ነው ብለው ያዙት። በሦስተኛው ሌሊት ስትጮህ ታዲያ፣ ትናንት የፈቀድኸውን ዛሬ በሰው ፊት ማዋረጃ ያደረግኸው መሰላቸው። ፊታቸውን ያጠቆሩብህ ስለ ሽማግሌው ክብር ብቻ እንዳይመስልህ፤ የትኛው ሕግ መቼ እንደሚጸና ስላላወቁም ነው።

ስለዚህ ወደ ጋሼህ ሂድ፤ ሳይት ላይ ግን አይሁን። ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት ቤታቸው ወይም ሻይ ቤት አግኛቸው። ስለ ጩኸትህ ይቅርታ ጠይቅ፤ በሰው ፊት መሆኑ ስህተት እንደ ነበረ ሳትሸፋፍን ተናገር። ስለ ባኬቱ ግን ይቅርታ አትጠይቅ። ሁለቱን ካቀላቀልህ ይቅርታህ ባኬቱ በጋቢና ላይ እንዲያልፍ የተሰጠ ፈቃድ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አቅርብላቸው፦ መኪናው የት ቢቆም ነው ባኬቱ ጋቢናውን ሳይነካ በኋላ በኩል መግባት የሚችለው? ይህን የምልህ ሽማግሌውን ለማባበል አይደለም። የ30 ዓመት ኦፕሬተር ባኬት በጋቢና ላይ የሚያሳልፈው ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ መኪናው ባልሆነ አቅጣጫ ስለቆመለት ነው። በከተማ መሐል በሩ አንድ ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ሾፌሩም ለመውጣት እንዲመቸው አፍንጫውን እንደፈለገ ያዞራል። ማሽኑ ከመኪናው ከፍ ብሎ እንዲቆም መቀመጫውን ማበጀት፣ መኪናው በኋሊት ገብቶ ጀርባውን ለማሽኑ እንዲሰጥ ማድረግ፣ የመዞሪያውን ማዕዘን ማሳጠር የአንተ ሥራ ነው። ድንጋዩ ጋቢናው ላይ ሲወርድ ግማሹ ጥፋት የእሳቸው ቢሆንም ግማሹ የአንተ ነበር። ይህን በአፍህ ብትነግራቸው፣ ከይቅርታው በላይ የሚያስታርቃችሁ ይህ ይመስለኛል። በሚጫንበት ጊዜ ሾፌሩ የት እንደሚሆንም ወስን፤ ወይ ከማሽኑ መዞሪያ ርቆ በታወቀ ቦታ ይቁም፣ ወይ ጋቢናው ውስጥ ይቆይና ባኬት ፈጽሞ በላዩ አይለፍ። አንዴ ወርዶ ጎማ የሚያይ፣ አንዴ የሚገባ ሾፌር ኦፕሬተሩን ያሳስተዋል።

አሁን ወደ 60ው እንምጣ። 8 ሰዓት የሚቆይ ፈረቃ ላይ አንድ ምልልስ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ አንድ መኪና ቢበዛ 5 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስድስተኛውን ጀምሮ አይጨርሰውም። ስምንቱ መኪኖች ታዲያ 40 ጊዜ ያወጣሉ፤ የተጀመረውን ብትቆጥርለት 42 ወይም 43 ነው። ማሽኖቹን ደግሞ ተመልከት። 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ባኬት ያለው ኤክስካቫተር 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲኖትራክን በ18 ባኬት ገደማ ይሞላል፤ አንዱ ዙር 20 ወይም 25 ሰከንድ ቢፈጅ፣ መኪና የሚቀያየርበት ጊዜ ተጨምሮበት በ9 ደቂቃ አንድ መኪና ይወጣል። አንዱ ማሽን ብቻውን ያለ ዕረፍት እንዲሠራ 10 መኪና ያስፈልገዋል፤ አንተ ለሁለት ማሽን 8 መኪና ይዘሃል። ኦፕሬተሮችህ የሚቆሙት ሰንፈው አይደለም። 60 የሚባለው ቁጥር በእነሱ ላይ መጮኽን ያህል ቀላል ሳይሆን፣ ቢያንስ 4 ተጨማሪ መኪና የሚጠይቅ ነው። ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ጽፈህ ለኢንጂነሩ ስጠው። በቃል አትከራከር፤ ኢንጂነር የሆነ ሰው ቁጥር ሲቀርብለት ያዳምጣል።

ማስቆምን በተመለከተ እኔ የያዝሁት ደንብ ቀላል ነበር። ለማሽኑ የሥራ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቁም ምልክት ግን ማንም ይስጥ ማን፣ ጥበቃም ቢሆን የሲኖ ረዳትም ቢሆን፣ ኦፕሬተሩ ወዲያውኑ ያቆማል። ያለ ምክንያት ቢሆንስ አትበለኝ። በ14 ዓመት ውስጥ ያለ ምክንያት የቆመብኝ ማሽን ያባከነብኝ ጊዜ ቢደመር ከአንድ ፈረቃ አይበልጥም።

ካዛንቺስ ስላልህ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄህ ትንሽ ቢርቅም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአራዳ ክፍለ ከተማ ቤቶች ከፈረሱበት ቦታ ላይ ስንሠራ፣ የሎደራችን የፊት ጎማ ድንገት መሬት ውስጥ ሰመጠ። በበሰበሰ እንጨትና በአፈር የተከደነ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። በየትኛውም ፕላን ላይ አልተመለከተም። በኋላ ስንሰማ፣ እዚያ ግቢ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንዲት እናት ገና በመጀመሪያው ቀን ለጥበቃው ነግረውት ኖሯል፤ ጥበቃው ግን ለማን እንደሚናገር አላወቀም። በመሐል አዲስ አበባ የቆየ ሰፈር ላይ የምትቆፍር ከሆነ፣ የውሃና ፍሳሽን፣ የመብራት ኃይልንና የኢትዮ ቴሌኮምን መሥመር ከመሥሪያ ቤቶቹ መጠየቅህ እንዳለ ሆኖ፣ የሰፈሩን ነባር ሰዎች ፈልገህ ጉድጓዱ የት ነበር ብለህ ጠይቅ። መሥመር አለ በተባለበት ቦታም ባኬት ከመግባቱ በፊት በሰው ጉልበት መፈተሻ ጉድጓድ አስቆፍር።

መልስ፦ ከካቢኑ ውስጥ

እኔ ኃላፊ አይደለሁም፤ ኦፕሬተር ነኝ፤ የምጽፈውም በዚያ በኩል ያለውን እንድታውቁልን ነው። ጠያቂው ወንድሜ ራሱ ኦፕሬተር ስለነበረ ያውቀዋል፤ ሰው ግን ከካቢን ሲወርድ ቶሎ ይረሳዋል።

ከጉድጓድ ዳር ሆኖ የሚጮህ ሰው ለእኛ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየን። ቡሙ (የማሽኑ ክንድ) በቀኝ በኩል፣ ሞተሩ በኋላ በኩል ይጋርደናል። ከአንዱ ፓውዛ ብርሃን ወደ ጨለማ በዞርሁ ቁጥር ዓይኔ እስኪለምድ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይታየኝም፤ በዚያች ሰከንድ ረዳቱ በስተጀርባዬ ቢያልፍ አላየውም። አንድ ኃላፊ ነበረን፤ ፓውዛዎቹን ከፊታችን አንሥቶ በሁለት በኩል ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው፤ ለምልክት ሰጪውም ሬዲዮ ገዛለት። ስለ ደህንነት ረጅም ንግግር ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ ቢሆንም ከእሱ በላይ የታዘዝሁት ሰው የለም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል። መኪና ስንጠብቅ ሞቆን እንቀመጥና እንቅልፍ ይጥለናል፤ መኪናው ሲደርስ በጡሩምባ ነቅተን በዚያው ቅጽበት ባኬት እናነሣለን። ለዚህ ነው በዚያ ሰዓት አደጋ የሚበዛው። ኃላፊ የሆነ ሰው በዚያ ሰዓት ካቢኑን አንኳክቶ፣ ወርደህ ሁለት ደቂቃ ተራመድ ቢለን ክፉ አይመስለንም። በዐቢይ ጾምና በረመዳንም ማን እንደሚጾም ጠይቃችሁ እወቁና ለጉድጓዱ ጠርዝ የሚጠጋውን ሥራ በዚያ ሰዓት ለሌላው ስጡት። ብዙ ሰው ደከመኝ ብሎ አይናገርም።

ስለ ሰዓቱ የምለው አንድ ነገር ነው። 8 ሰዓት ጻፍልኝ የሚለው ሰው ሌባ አይደለም። የመኪና እጥረቱን ያመጣው እሱ ስላልሆነ ነው።

መልስ፦ ባለ መፍቻው

የማሽን መካኒክ ነኝ። ስለ ሰው አያያዝ ከእኔ በፊት የጻፉት ይበቃሉ፤ እኔ ስለ ቆጣሪውና ስለ ማሽኑ ልናገር።

አበልን በማሽን ቆጣሪ ላይ ማሰር፣ ኦፕሬተሩን ያለ ሥራ ሞተር እንዲያስነሣ መጋበዝ ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ባኬት ይንቀሳቀስም አይንቀሳቀስም ቆጣሪው ይቆጥራል። 20 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር በሥራ ላይ በሰዓት ከ12 እስከ 18 ሊትር ናፍጣ ሲወስድ፣ ቆሞ ሲያጓራም 4 ሊትር አካባቢ ያቃጥላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰርቪሱ ነው። የሞተር ዘይትና ፊልተር በ250 ሰዓት ወይም በ500 ሰዓት የሚለወጠው በዚያው ቆጣሪ ስለሆነ፣ በውሸት የተቆጠረ ሰዓት ሰርቪሱን ያፋጥነዋል፤ ማሽኑ የተከራየ ከሆነም ኪራዩ በዚያው ይታሰባል። ወንድሜ፣ ታይም ሺትህን (የሰዓት መመዝገቢያህን) በአራት ዓምድ ክፈለው፦ የሠራበት፣ መኪና የጠበቀበት፣ የተበላሸበትና በሌላ ምክንያት የቆመበት ሰዓት። ቆጣሪውን በፈረቃው መጀመሪያና መጨረሻ ከኦፕሬተሩ ጋር አብራችሁ አንብባችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። እንዲህ ካደረግህ መዋሸት አያስፈልግህም፤ የጠበቀበት ሰዓት በራሱ ስም ተጽፎ ይገኛል። በወሩ መጨረሻ የዚያን ዓምድ ድምር ለኢንጂነሩ ስታሳየው፣ ጡረተኛው አባታችን የጻፉልህን ስሌት ከሜዳው በተገኘ መረጃ ታጸናዋለህ።

ሀመር ያለውን ማሽን ለብቻው ተከታተለው። መሐል ከተማው ላይ ጥቂት ሜትር እንደወረድህ የሚያጋጥምህ ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ በመሆኑ፣ ኦፕሬተሩ እስኪሰበር ድረስ አንድ ቦታ ላይ መደብደብ ይፈልጋል። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተሰነጠቀ ቦታ መቀየር አለበት፤ አለዚያ የሀመሩ ጫፍ ይግላል፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱም ይሞቃል። ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ ባዶውን መምታትም ሀመሩን ይጎዳዋል። ግሪስ በየ2 ሰዓቱ ይፈልጋል፤ ረዳቱ ይህን በሰዓት እንዲመዘግብ አድርገው። ሀመር በሚሠራበት ቦታ ዙሪያም ሰው አይቁም፤ የድንጋይ ፍንጣሪው ሩቅ ይሄዳል።

ሌላው፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች፣ ክዳኑ የላላ ወይም የተበላሸ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ማሽን ሞቀ በተባለ ቁጥር ውሃ ጨምሮ መሥራት ልማድ ሆኗል። ክዳኑን አስመርምር። ትኩሱንም ራዲያተር ማንም እንዳይከፍተው አጥብቀህ ንገር፤ በዚህ ምክንያት ፊቱ የተቃጠለ ረዳት በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ

ጠያቂው ያነሡት የሰዓት ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን አቀላቅሏል፤ አንደኛው የማሽኑ ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው የሰውየው ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚባለው ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ራሱን ያቀረበበት ጊዜ ጭምር ነው። ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ባልሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ መሣሪያ ወይም ግብዓት በመቋረጡ፣ ሳይሠራ የቀረ ሠራተኛም ደመወዙን ያገኛል። ስለዚህ መኪና ሲጠብቅ ያደረው ኦፕሬተር የ8 ሰዓት ደመወዙ አይነካም፤ በመገኘት መዝገቡ ላይ 8 ሰዓት መጻፍም ውሸት አይደለም። ከቆጣሪው ጋር የተያያዘው አበል ግን ከድርጅቱ ደንብ ወይም ከኅብረት ስምምነት የሚመነጭ ስለሆነ፣ መፍትሔው ደንቡ መኪና የተጠበቀበትን ሰዓትም እንዲያስብ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ትርፍ ሰዓትን በሚመለከት ብዙ ሳይት ላይ የሚፈጸም ስህተት አለ። ሌሊት መሠራቱ ብቻውን ሥራውን ትርፍ ሰዓት አያደርገውም። ከመደበኛው በላይ ሲሠራ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ጊዜ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የሰዓት ደመወዙ 100 ብር የሆነ ኦፕሬተር ከሌሊት ፈረቃው በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ሰዓት ቢጨምር 175 ብር ያገኛል ማለት ነው። ገደብም አለው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ኦፕሬተሮችን በ12 ሰዓት ፈረቃ የሚያሠራ ሰው በሦስተኛው ቀን የሳምንቱን ገደብ ጨርሷል። ከካቢኑ ውስጥ የጻፉት ወንድማችን ስለ እንቅልፍ የተናገሩትን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ።

ወደ ሥልጣን ጥያቄው ስመለስ፣ አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እርስዎ በሳይቱ ላይ የአሠሪው ዓይን ነዎት። አደጋውን አይተው ማሽኑን ካቆሙ የአሠሪውን ግዴታ ፈጸሙለት እንጂ ሥልጣኑን አልቀሙትም። ቢሆንም ይህ በተመደቡበት ደብዳቤ ላይ ወይም በሥራ ዝርዝርዎ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ ያቆሙበትን ሰዓትና ምክንያትም ወዲያውኑ ይመዝግቡ። ሌላም አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም የዲሲፕሊን እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ተሰጥቶዎት ከሆነ እንደ ሥራ መሪ ሊቆጠሩና ከዚህ አዋጅ ጥበቃ ውጪ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥልጣኑ ሳይሰጥዎት ኃላፊ የሚል ስም ብቻ ስለተሰጠዎት የትርፍ ሰዓት ክፍያዎ ከተቋረጠ ግን ሊጠይቁበት ይገባል።

የኦፕሬተሮቹን ፋይል ሲያገላብጡ የልዩ ተንቀሳቃሽ ማሽነሪ መንጃ ፈቃዳቸው ያልተቃጠለ መሆኑንና የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫቸው የሚነዱትን ማሽን የሚመለከት መሆኑን ያረጋግጡ። የኤክስካቫተር ማረጋገጫ ይዞ ሎደር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሞልቷል።

መልስ፦ የቂርቆስ ልጅ

አባቴም ሆናችሁ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሳችሁን ካነበብሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሳልሞክረው መመለስ አልፈለግሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን፤ እኔ ግን እስከ ሁለተኛው ድረስ አፌን መክፈት አቃተኝ። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅሁ። መኪናው በትክክል እንዲቆም አለማድረጌም የእኔ ጥፋት እንደሆነ ስናገር ቀና ብለው አዩኝ። የነገሩኝ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ ለእሳቸው የከበዳቸው ጩኸቱ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ሌሊት ሳያቸው እያዩኝ ዝም ማለቴ ነበር። ያስተማርሁህ ሁሉ ጠፍቶብሃል ወይ ብዬ አዘንሁ አሉኝ። ጡረተኛው አባታችን በሩቅ ሆነው ያዩትን እኔ አጠገባቸው ሆኜ አላየሁትም ነበር።

በማግስቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቀድመን ተገናኝተን የመኪናውን መግቢያ አብረን ለካን። በሩ አጠገብ የተከመረውን ብረት አንሥተን ሲኖትራኩ በኋሊት እንዲገባ አደረግን፤ ማሽኑ የሚቆምበትንም መደብ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገን ደለደልነው። ጋሼ ራሳቸው ለሾፌሮቹ አስረዷቸው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ባኬት በጋቢና ላይ ሲያልፍ አላየሁም። የመዞሪያው ማዕዘን በማጠሩም አንዱን መኪና ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀንሷል።

ስሌቱን ለኢንጂነሩ በጽሑፍ ሰጠሁት። በመጀመሪያ አልተቀበለኝም፤ የአራቱን ዓምድ ታይም ሺት ለ9 ሌሊት አጠራቅሜ ሳቀርብለት ግን ሦስት ተጨማሪ መኪና አስመጣ። 60 አልደረስንም፤ ትናንት 53 አውጥተናል። መኪና ለተጠበቀበት ሰዓት አበል እንዲታሰብ ያቀረብሁት ማመልከቻ መልስ አላገኘም፤ ኦፕሬተሮቹም ይህን ያውቃሉ፣ ምክንያቱም የማመልከቻውን ግልባጭ አንብቤላቸዋለሁ። ያለ ሥራ ሞተር ማስነሣቱ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ቀንሷል።

የሰፈሩን ነባር ሰዎች ስለ መጠየቅ የተነገረኝንም ፈጽሜአለሁ። በምሥራቅ በኩል ገና ባልተቆፈረው ጥግ ላይ ሁለት የተከደኑ ጉድጓዶች እንደነበሩ አንድ አዛውንት መጥተው በእጃቸው አሳይተውኛል፤ ሁለቱንም በችካልና በገመድ አጥረናቸዋል። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሰኔ እየደረሰ ነው፣ የጉድጓዳችን ጠርዝም ከመንገዱ ብዙም አይርቅም፤ ዝናቡ ሲጀምር የተጫነውን መኪና ከጠርዙ ምን ያህል ላርቀው?

መልስ፦ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ

ደስ ብሎኛል ልጄ። ርቀቱን በእኔ ቃል አትወስን፤ አፈሩን ያጠናው መሐንዲስ ለእናንተ ጉድጓድ አስልቶ በጽሑፍ ይስጥህ፤ የተጫነ ሲኖትራክ ከ30 ቶን በላይ እንደሚመዝን ግን አስታውሰው። አንተ በየማለዳው ጠርዙን ተከትለህ በእግርህ ዙር። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ ካየህ ወይም ከግድግዳው ትናንት ያልነበረ ውሃ ሲወጣ ካየህ፣ በዚያ በኩል ከላይም ከታችም ሰውና ማሽን አንሣና መሐንዲሱን ጥራ። የዝናቡ ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ከላይ ቦይ አስቆፍር፤ ፓምፑንም ሰኔ ሳይገባ አስነሥተህ ሞክረው። በዙሪያው ስትሄድ ጋሼህን ይዘሃቸው ሂድ፤ እኔ በ31 ዓመቴ ያየኋቸውን ስንጥቆች አብዛኛዎቹን ቀድመው ያዩልኝ ኦፕሬተሮች ናቸው።